የገደሉን መልክ የሚሥለው ማነው?

ባለፈው የክረምት ወራት ለአንድ ጉዳይ ደሴ ሄደን ሳለ አንድ ቀን ስለ ተረፈን ወደ ኩታበር ወጣን። ከደሴ ተነሥቶ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ኩታበር የሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን በሐምሌ ጉም ውስጥ የሚጓዝ ሰው ርቀቱን በኪሎ ሜትር አይቈጥረውም። ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ግን በዚያን ቀን ከታላቁ ሜዳ ያየነው ከመንገዱ ዳር ያለውን የድንጋይ ካብና ከካቡ በላይ አንገቷን ያወጣች አንዲት በግ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ጉም ሸፍኖት ነበር።

ኩታበር እንደ ደረስን ከዝናቡ ለመጠለል አንድ ሻይ ቤት ገባን። በዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሬት ልኬት ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት አገኘን። ዕድሜው ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣን መሆናችንን በሰማ ጊዜ ወንበሩን ወደ እኛ ሳብ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ሥራዬን ልለቅ አስቤአለሁ» አለን።

«ለቀህስ ምን ልትሠራ?» ብንለው፣ ትንሽ አፍሮ፣ «የቪዲዮ ጌም አካባቢ ሠዓሊ ልሆን» ሲል መለሰ።

ከጎናችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ለጨዋታ ብለህ የመንግሥት ደመወዝ ትተዋለህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው» አሉት። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ወጣቱም አብሮ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ከሣቁ በኋላ ግን ጥያቄው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ወዲያው ልንመልስለት አልቻልንም፤ ምክንያቱም የጠየቀን ነገር ቀላል ስላልነበረ ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ያን ጊዜ የነፈግነውን መልስ ለመስጠትና፣ እንደ እርሱ ያለ አሳብ በልቡ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የተቀመጠ ሌላም ወጣት ስለሚኖር ነው።

በመጀመሪያ ሙያው ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚስቀው ስለማያውቀው ነውና። አንድ የቪዲዮ ጌም ሲሠራ፣ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ወይም እንስሳ የሚሠራው አንዱ ባለሙያ ነው፤ ታሪኩን የሚጽፈው ሌላ ነው፤ የማሽኑን ትእዛዝ የሚጽፈው ደግሞ ሌላ ነው። የአካባቢ ሠዓሊ የሚባለው መሬቱን፣ ገደሉን፣ ቤቱን፣ ዛፉን፣ አጥሩን፣ በአጥሩ ላይ የሚያርፈውን የማለዳ ብርሃን ሳይቀር የሚሠራው ነው። ተጫዋቹ በዚያ ዓለም ውስጥ ሲሮጥ በእግሩ የሚረግጠውና በዐይኑ የሚያየው ሁሉ የዚህ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ከሠዓሊው ይልቅ ለግንበኛው፣ ከግንበኛውም ይልቅ መንደር ለሚቈረቍር ሰው የቀረበ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሥራው ስሌት አለበት። በማሽኑ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ነው። ማሽኑ ደግሞ እንቅስቃሴው ለዐይን የለዘበ እንዲሆን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስልሳ ጊዜ ሥዕሉን እንደ ገና መሣል አለበት፤ ይህም ማለት ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ሺኛ እጅ አሥራ ሰባቱን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሠዓሊው ለእያንዳንዱ ድንጋይ ስንት ሦስት ማዕዘን እንደሚፈቅድለት እንደ ቈጣቢ ባለቤት ማሰብ ግድ ይሆንበታል። ከተጫዋቹ አጠገብ ላለው ድንጋይ ብዙ፣ ከሩቅ ለሚታየው ተራራ ጥቂት ይሰጣል። በእ.ኤ.አ. 2022 የወጣው አንሪል ኢንጂን አምስተኛው ይህን ቈጠራ በእጅጉ አቃልሎታል፤ ዳሩ ግን የአገራችን ሰው ጌም የሚጫወተው ባብዛኛው በእጅ ስልኩ ስለሆነ ቈጠራው ለእኛ ገና አልቀረም።

ቤትም ቢሆን አንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይሠራም። ግድግዳ፣ ማዕዘን፣ በር፣ የክዳን ቍራጭ እየተባለ ለየብቻው ይዘጋጅና እነዚያኑ ቍራጮች እያገጣጠሙ ሃያ ልዩ ልዩ ቤት ያቆሙባቸዋል። ከዚያም ገጹ ይለብሳል። ይኸውም ድንጋዩ ምን ቀለም እንዳለው ብቻ ሳይሆን፣ ሻካራ ነው ወይስ ልስልስ፣ ዝናብ ሲመታው ብርሃን እንዴት እንደሚመልስ መወሰን ነው። ጥሩውን ሠዓሊ ከመካከለኛው የሚለየው ግን መሣሪያው አይደለም። መካከለኛው ቤት ይሠራል፤ ጥሩው ግን በዚህ ቤት የሚኖረው ማነው ብሎ ይጠይቃል። የመድረኩ ድንጋይ በየትኛው በኩል በእግር እንዳለቀ፣ ጢሱ የክዳኑን ውስጥ ከየት ጀምሮ እንዳጠቈረው፣ የክረምት ውሃ በግቢው ውስጥ በየት በኩል እንደሚወርድ ያስባል። ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ በካብና በጎጆ መካከል ያደገ ልጅ ሳያውቀው የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሙያ መለወጥ እንምጣ። ከተማርኩት ሙያ ወጥቼ ሌላ ብይዝ ሰው ምን ይለኛል ብሎ የሚፈራ ወጣት አያሌ ነው። ለዚህ ፍርሃት የአገራችን የሥዕል ታሪክ ራሱ መልስ አለው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በእ.ኤ.አ. 1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ከዚያ የደረሰው ወጣት ግን ከማዕድኑ ይልቅ ብሩሹን መረጠ፤ በለንደንም በሴንትራል የጥበብ ትምህርት ቤትና በስሌድ ተማረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የቆሙትን፣ ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር የሆነውን የመስታወት ሥዕሎች የሠሩት እኚሁ ሰው ናቸው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ አንድ የማዕድን መሐንዲስ አጣች፤ ይህንን ዛሬ የሚቈጭበት ሰው ካለ እኛ አላጋጠመንም። ገብረ ክርስቶስ ደስታም እንዲሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ጀምረው ትተውት፣ ኋላ በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል ተምረው ተመለሱና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ፤ በግጥምም ስማቸው ይነሣል።

ዳሩ ግን እነዚህን ታላላቅ ሰዎች እየጠሩ ወጣቱን «አንተም እንደ እነሱ አድርግ» ማለት ተገቢ አይመስለንም። አፈወርቅ ተክሌ ሙያ ሲለውጡ የሚኖሩት በስኮላርሺፕ ነበር። የኩታበሩ ወጣት ግን ከደመወዙ ላይ በየወሩ ለእናቱ የሚቈርጥ፣ ታናሽ እኅቱን የሚያስተምር ሰው ነው። የሙያ ምርጫ ለአንዱ የልብ ጥያቄ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግን የእኅት ደብተርና የእናት ዘይት ነው። ይህን የማይቈጥር ምክር ከሻይ ቤት ሳቅ አይሻልም።

ሽማግሌው «ጨዋታ» ስላሉት ነገር ብዙ አንከራከርም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ መሆኑና፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የታወቀ ነው። ዐዋጁ ስድቡን አላጠፋው ይሆናል፤ ነገር ግን የዛሬው ሳቅ ከየት እንደ መጣ ያሳየናል። ገበጣ የሚጫወት ሽማግሌ የቪዲዮ ጌም ሠሪውን ቢንቅ ደግሞ ነገሩ ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

ከሳቁ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ገበያው ነው። እዚህ ላይ ወጣቱን ልናባብለው አንወድም። በአገራችን የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ድርጅቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ ለእጅ ስልክ አውጥቷል፤ ገበጣንም በስልክ የሚጫወቱት አድርጎታል። ይህ የሚያስመሰግን ጅምር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ድርጅት ስንት የአካባቢ ሠዓሊ ሊቀጥር ይችላል? በአፍሪካም ብንመለከት የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በኦሊቪየ ማዲባ መሪነት «ኦሪዮን» የተባለውን ጌም በእ.ኤ.አ. 2016 ለማውጣት አያሌ ዓመታት ከመድከሙም በላይ፣ ከሕዝብ መዋጮ እስከ 50 ሺህ ዩሮ ገደማ መሰብሰብ ነበረበት። መብራቱም በያውንዴ እንደ እኛው ይጠፋ ነበር።

«የአገሬ ገበያ ባይኖር በሩቅ ሆኜ ለውጭ ድርጅት እሠራለሁ» የሚልም አለ። ይቻላል፤ የሚሠሩም አሉ። ነገር ግን የውጭው ገበያም በዚህ ዘመን ጤነኛ አይደለም። ማይክሮሶፍት ብቻውን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞች አሰናብቷል፤ ሌሎቹም ድርጅቶች በዚያው ዓመትና በፊተኛው እንደዚሁ አድርገዋል። ከዚያ የተሰናበተው፣ አሥር ዓመት የሠራው ሰው ከእኛው ጀማሪ ጋር ለአንድ ቦታ ይወዳደራል። በዚህም ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጥቶ፣ ድንጋይና ዛፍ በጥያቄ ብቻ ያወጣል እየተባለ ነው። እኛ እንደምናየው ይህ ማሽን በመጀመሪያ የሚያሰናብተው ማንኛውንም ድንጋይ የሚሠራውን ሰው ነው፤ አንድን የታወቀ ድንጋይ፣ አንድን የታወቀ አገር የሚያውቀውን ሰው ለመተካት ግን ይቸገራል። በዚህ አሳብ ብንሳሳት የሚጎዳው ወጣቱ እንጂ እኛ ስላልሆንን፣ እንደ አስተያየት ብቻ ይያዝልን።

ከዚህም ሌላ የመስመሩ ነገር አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ነዋሪው ሁሉ ያስታውሰዋል። በሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው በቀጠሮው ቀን ሥራውን ካላስረከበ፣ አሠሪው የኩታበርን መስመር መቋረጥ አያውቅለትም፤ የሚያውቀው ሥራው አለመድረሱን ነው። ለዚህ ሥራ የሚበቃ ኮምፒውተርም ዋጋው የጀማሪ ሠራተኛን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ይህ ሁሉ ሲደመር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚያሰኝ ነው። እንግዲህ ወጣቱን ተወው ልንለው ነውን?

ተወው አንለውም። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

በዓለም ላይ ላሉ የጌም ሠዓሊዎች ሁሉ የተዘጋጀ አንድ ትልቅ ጎተራ አለ፤ ስሙ ሜጋስካንስ ይባላል። ኩዊክሰል የተባለው ድርጅት ባለሙያዎቹን በካሜራ እያሰማራ እውነተኛ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ግንድ፣ አፈር በፎቶግራፍ እየለካ ያጠራቀመው ነው። ባለሙያዎቹ አይስላንድ ድረስ ሄደው የዚያን አገር ድንጋይና ሽበት ሰብስበዋል። ዛሬ ማንም ሠዓሊ በሊማ ይሁን በሴኡል ገደል መሥራት ቢያምረው የአይስላንድን ድንጋይ አንሥቶ ይገነባል። የወሎን ካብ ግን ከዚያ ጎተራ አያገኘውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደጋ በጌም ውስጥ የሚታይ ቢሆን እንኳ የሚሠራው በሰው አገር ድንጋይ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

አገራችን ከነጭራሹ አልታየችም ማለታችን አይደለም። ሲቪላይዜሽን የተባለው የታወቀ ጌም በአምስተኛው ክፍሉ፣ በእ.ኤ.አ. 2012፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፤ በስድስተኛው ክፍሉ፣ በእ.ኤ.አ. 2020፣ ዳግማዊ ምኒልክን የኢትዮጵያ መሪ አድርጎ አቅርቧል፤ ተጫዋቹም ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን በኮረብታ ላይ እንዲሠራ ፈቅዶለታል። የላሊበላንም አብያተ ክርስቲያናት በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው የዛማኒ ጥናት በጨረር መለኪያ ለክቶ መዝግቧቸዋል። የፓሪስን ኖትር ዳም እንውሰድ። ኡቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» ለተባለው፣ በእ.ኤ.አ. 2014 ለወጣው ጌም ካሮሊን ሚዩስ የተባለች ሠዓሊ ያን ካቴድራል ስትሠራ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅታለች። በእ.ኤ.አ. 2019 ካቴድራሉ በተቃጠለ ጊዜ፣ ማማው ሲወድቅ በቴሌቪዥን ያየ ስንት ሰው ወደዚያ ጌም ተመልሶ በጣራው ላይ ተራመደ! ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ነገር ለሐዘንም ጠቀመ።

ከኩታበር በስተ ምዕራብ፣ በተንታ ወረዳ፣ መቅደላ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በኩል አስጎትተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ የበሽሎን ገደል አሻግረው ወደዚያ አምባ ሲያመጡት የታየውን ድካም የሚያህል ድካም በየትኛው ጌም ውስጥ አለ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባይቱ በጄኔራል ናፒየር ጦር ስትያዝ፣ ከጦሩ ጋር የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩ። እነርሱ ያነሷቸው ሥዕሎች ዛሬም በእንግሊዝ አገር ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ጦሩ አምባይቱን ዘርፎና አቃጥሎ ሄደ። አንድ ሰው ዛሬ መቅደላን በኮምፒውተር እንደ ነበረች ልሥራት ቢል የሚያያቸው የድሮ ሥዕሎች እንግዲህ ያቃጠላት ጦር ያነሷቸው ናቸው። ይህን ሥራ የለንደን ወይም የሞንትሪያል ድርጅት አንድ ቀን ይሠራው ይሆናል፤ ከሠራውም በጥሩ ሁኔታ ይሠራዋል ብለን እናምናለን፤ ዳሩ ግን ገደሉን ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚያየው ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም።

በዚህ ላይ ወጣቱ የመሬት ልኬት ባለሙያ መሆኑን እናስታውስ። ሙያ ለወጠ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ሙያ ጥሎ የሚሄድ ይመስለናል። የዚህ ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው። በእ.ኤ.አ. 2000 በየካቲት ወር የአሜሪካ መንኰራኵር በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የአብዛኛውን ዓለም ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለክታ ተመልሳለች። ያ ልኬት በሠላሳ ሜትር ልዩነት፣ ያለ ዋጋ፣ ለማንም ሰው ይሰጣል። የበሽሎ ሸለቆም በውስጡ አለ። ወጣቱ እንደ ነገረን ይህን ልኬት ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲጠቀምበት ኖሮ፣ አንድ ማታ ብሌንደር ወደ ተባለው የሥዕል ፕሮግራም አስገብቶት ገደሉ በጠረጴዛው ላይ ሲቆም አየ። በሽታው የያዘው ያን ማታ ነው። ዳሩ ግን በሁለቱ የሠላሳ ሜትር ነጥቦች መካከል ያለውን ነገር መንኰራኵሯ አታውቀውም፤ ካቡን፣ የእግር መንገዱን፣ እርከኑን፣ የገብሱን ማሳ፣ የተቈረጠውን የባሕር ዛፍ ጉቶ። ያን የሚያውቀው በመለኪያ ገመድና በጂፒኤስ ማሳውን ለማሳው እየዞረ የሚረግጠው ይኸው ልጅ ነው።

የጠቀስነው ብሌንደር ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ቶን ሮዘንዳል የተባለው የኔዘርላንድ ሰው በእ.ኤ.አ. 2002 ከተጠቃሚዎች 100 ሺህ ዩሮ በሰባት ሳምንት አሰባስቦ ነፃ አውጥቶታል። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ከማይሞላው ከላትቪያ የተነሡ ሰዎች በዚሁ ፕሮግራም «ፍሎው» የተባለ የድመት ፊልም ሠርተው በእ.ኤ.አ. 2025 የኦስካር ሽልማት ወስደዋል። ይህን የምንለው ሁሉም ይሸለማል ለማለት ሳይሆን፣ መሣሪያ የለኝም የሚለው ምክንያት በከፊል እንደ ቀረ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ ከፊሉ ሽማግሌውን፣ ከፊሉ ወጣቱን ደስ ያሰኝ ይሆናል። ሥራህን አትልቀቅ። ገና አትልቀቅ። በዚህ ሙያ ቀጣሪው የሚጠይቀው ዲፕሎማ ሳይሆን የሠራኸውን ነው፤ የሠራኸውን ለማሳየት ደግሞ ደመወዝ መልቀቅ አያስፈልግም። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ አንድ ዓመት ስጠው። በዚያ ዓመት ውስጥ ያየኸውን የማስተማሪያ ፊልም ሁሉ እየተከተልህ ሃያ ጅምር አታስቀምጥ፤ የጃፓን መንደርና የጠፈር መርከብ የሚሠራ ሰው በዓለም ሞልቷል። አንዲት ትንሽ ስፍራ ምረጥና ጨርሳት። የአክስትህ ግቢ ትሁን፣ አውድማ ትሁን፣ አንድ የካብ ጥግ ትሁን። መጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው።

ድንጋዩን በስልክህ ካሜራ ማንሣት ትችላለህ። በዙሪያው እየዞርህ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከፊተኛው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርገህ ስታነሣ፣ ፕሮግራሙ ፎቶግራፎቹን አገጣጥሞ ቅርጹን ያወጣዋል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፀሐይ የሞላበት ቀን አይደለም፤ ፀሐይ ጥላ ትጥልና ጥላው በድንጋዩ ላይ እንደ ተሣለ ይቀራል። የሚመረጠው ደመና የሸፈነው ቀን ነው። የውጭ አገር ባለሙያ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ ይውላል፤ ለኩታበር ግን ሐምሌና ነሐሴ ሳይጠየቁ ይሰጧታል።

ዓመቱ ሲያልቅ የሠራኸውን ለማታውቃቸው ባለሙያዎች አሳይ፤ ዘመድህ ያመሰገነውን አትቍጠር። ከዚያ ወዲያ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሥራ ከሰጠህና፣ ያም ገንዘብ ለስድስት ወር ከደመወዝህ እኩል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ እንነጋገራለን። ካልሆነም የመሬት ሥዕል በሦስት ማዕዘን መሥራት የሚችል የልኬት ባለሙያ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት አይጎዳም፤ የእርከን ሥራ ወይም የመንገድ ፕላን ለገበሬው በወረቀት ከማሳየት ይልቅ በእንዲህ ያለ ሥዕል ማሳየት እንደሚሻል አያጠራጥርም።

ለሹማምንትና ለመምህራንም አንዲት ቃል አለችን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮድ የማስተማር ዘመቻ መጀመሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮድ ብቻውን ዓለም አያቆምም፤ የሚሥልም ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊ ያወጣል፤ በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮምፒውተር ባለሙያ ያወጣል። ሁለቱ ተማሪዎች ግን የሚገናኙበት ክፍል የለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ሲቆም የአምባይቱን ስም ወስዷል፤ አምባይቱን በኮምፒውተር ለማቆም ደግሞ አንድ ክፍል፣ አሥር ጥሩ ማሽንና የማይጠፋ መብራት ይበቃል። መካነ ሰላም ደግሞ የቦረና ሳይንት ፓርክ አጠገቧ ነው፤ ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ደኑ ሁሉ ለሠዓሊ የተዘጋጀ ነው። ይህን የምንለው ገንዘቡ በዝቷል ብለን አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ በየዓመቱ በማይነበብ ጽሑፍ ላይ ሲወጣ ስላየን ነው።

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ዝናቡ አልቆመ ኖሮ ወጣቱ ከቦርሳው ላፕቶፑን አውጥቶ አንዲት ሥዕል አሳየን። የድንጋይ ካብ ናት፤ ከበላይዋ የገብስ ማሳ፣ ከበታችዋ የእግር መንገድ፤ ከሩቅ ጉም። ሥዕሏን በጣቱ ሲያዞራት ካቡም አብሮ ይዞራል፤ በድንጋዮቹ መካከል የበቀለው ሣር ሳይቀር ይታያል። እኛ አደነቅን። ሻይ የምታፈላዋም ሴት ጀበናዋን ትታ መጥታ አየች።

ሽማግሌው ግን መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ቆዩ። ቀጥለውም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው አንገታቸውን አስገጉ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ይኸ ካብ ይፈርሳል» አሉ።

«ለምን አባባ?» አለ ወጣቱ።

«ውኃ መውጫ አልሰጠኸውም። ከላይ ማሳ ነው፤ ክረምት ነው፤ ውኃው ወዴት ይሂድ? ከግርጌው በየአራት ክንዱ ቀዳዳ ይተዋል። ድንጋዩንም በቁሙ አስቀምጠኸዋል፤ ተኝቶ ነው የሚካብ። ማን ነው ያስተማረህ?»

ወጣቱ ብዕሩን ፈልጎ የተናገሩትን በሻይ ቤቱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፍ ጀመር። ሽማግሌውም ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ ሳቡና፣ «አሁን እዚህ ላይ» እያሉ በጣታቸው መስታወቱን ይነኩ ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ መኪናችን ስለ ጠራን ተሰናበትናቸው፤ ሁለቱም ቀና ብለው አላዩንም።